አንድ ሜትር

በብሬመን ጠርዝ ላይ፣ ከቬዘር ወንዝ ዳር፣
ጀልባ ይጠገንበት ከነበረ መንደር፣
ሠላሳ አንድ ነን፤ በር አለን፣ ቁልፍ የለን፣
አለቃ የለን፣
ድምፅ አንቆጥርም፤ ነገር ካንዱ ልብ ካልገባ
ስብሰባው ያድራል፣ ሻማው እስኪያነባ።

እኔ አናጺያቸው፤ ወታደር የነበርሁ፣
በስንት ጦር ሜዳ እንደዋልሁ መቁጠሩን የተውሁ።
የገባሁ ለት ፍራውከ እጆቼን አየችና
«ምን ይችላሉ?» አለች፣ ቀስ ብላ፣ በትሕትና።
«መምታት» ልል ነበረ፤
«መላግ» አልሁ። አፌ ስለ እጄ አፈረ።

ካጥር ማዶ ያሉት ሌላ ሕግ አላቸው፦
የጮኸ ይገዛል፣ የፈራ ይክፈላቸው።
ሞተራቸው ሲነሳ ብርጭቋችን ይርዳል፣
የተኛው ሕፃን ካልጋው ይወርዳል።
አውራቸው ቶርስተን፣ ባርኔጣውን አውልቆ
«ጥቂት ብረት ላስቀምጥ» አለን ተሳስቆ።
«አስቀምጥ» አልነው፤ ቦታው ሞልቶ ሳለ
ጎረቤት መንፈግ ከደንባችን የለ።
ያ ብረት በወሩ ሥር አበቀለ፣
ባንድ ሌሊት ቆሞ አጥር ተባለ።

አንድ ሜትር ብቻ።
ለጸደይ ደግሞ ሌላ፤ የጎመኑ መደብ፣
ከዚያም የዮርን ንብ።
እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ወሰደን፤
እኛም ጨዋ ነንና፣ አብረን ሳቅን።

ሦስት ሌሊት ተሰበሰብን።
ዮርን «አንድ ሜትር ምንድን ነው?» አለ፣ «መሬቱ
መች የኛ ነበረ? ባዶ አግኝተን ነው የገባን ከቤቱ።»
ኢልዘ «ልጄ የምትጫወተው እዚያ ነው» አለች፣
ሌላ ቃል ሳትጨምር ሹራቧን ሠራች።
አንዱ «ደብዳቤ እንጻፍ»፣ አንዱ «ዳቦ እንውሰድ» አለ፤
ዳቦው ቀለለ።
ትኩሱን ወሰድን። በሉት። አመሰገኑ።
በማግስቱ አጥሩን አንድ ሜትር ገፉ። ሲገፉም ዘፈኑ።

እኔ ዝም አልሁ። ሌላው የማያውቀውን አውቃለሁ፤
የሰው ጉልበት ሲሰበር ምን እንደሚል ሰምቻለሁ።
ካልጋዬ ሥር ደግሞ፣ በካፖርት ተጠቅልሎ፣
የብረት ዘንግ አለ፣ ከደንቡ ተነጥሎ።

ባራተኛው ሌሊት ዘንጌን ይዤ ወጣሁ።
ጭጋግ ነው። አጥሩ ሥር ፍራውከን አገኘሁ፤
ሰባ አራት ዓመቷ፣ በርጩማ ላይ ሆና፣
መጋዟን ትሞርዳለች ፋኖስ ተደግፋ፣ አንገቷን አቅንታ።
«ልትመታው ነው?» አለች፣ ቀና ሳትል ገና።
«አዎ።»
«ምታው። ግን አጥሩ ከዚያ በኋላ እዚህ አይቆምም፤
በኔና ባንተ መሐል ያልፋል። ማንም አይነቅለውም።»
«ካልመታሁትስ?»
መጋዟን አስቀመጠች። ወንዙን ሰማን፣ ብዙ ቆየች።
«አላውቅም» አለች።
የመለሰኝ እሱ ነው። ምክንያት ብትደረድር ኖሮ
አልፌያት በሄድሁ ነበር፤ አላውቅም ማለቷ ግን ያዘኝ፣ አሥሮ።

ንጋት ላይ ሰማያዊ መብራት ግቢውን አጠበው።
ማን ፖሊስ እንደጠራ እስከዛሬም ስውር ነው።
ሽጉጥ የታጠቁ ሁለት ወጣቶች ሜትር ዘርግተው ለኩ፤
ቶርስተንና ጓዶቹም አጥሩን አንድ ሜትር መለሱ፣ እያጉረመረሙ።
አንድ ብቻ። የቀረው ቀረ።
እኛ ተቃቀፍን፤ ያን ለት ቤቱ በደስታ ሰከረ።
ፍራውከ ብቻ ዕቃ ቤት ገብታ አለቀሰች፦
«ቁልፍ የለንም እንላለን፤ ቁልፋችን ለካ
ሰው ወገብ ላይ ነው ያለች።»

አሁን ብርዱ ገብቷል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ብርጭቆው ይርዳል።
የቶርስተን ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ
ከኢልዘ ልጅ እጅ ትበላለች፤ ማንም አይከለክላት።
በራችን ዛሬም አይዘጋም፣
እኔም ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።
በስብሰባ መሐል ያልነገርኋቸው ይህን ነው፦
ዘንጉ አሁንም እዚያው አለ።
እኔ በነርሱ ሰላም ላይ ተኝቼ ይሁን፣
ወይስ የነርሱ ሰላም በኔ ብረት ላይ ተኝቶ፣
አልለየሁትም።

ሠላሳ አንድ ነን። ሠላሳው ተስማምቷል።
ድምፅ ብንቆጥር ኖሮ
ምን ያህል በቀለለኝ።